ሽጉጥ ለምን ይነክሳል? ከጉርሻው ጀርባ ያለው ፊዚክስ

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። ጉንደ ወይን፣ ቢቸና ወይም ሞጣ አካባቢ ያደጋችሁ ከሆነ፣ ትልልቅ ሰዎች ስለ መሣሪያ ሲያወሩ እነዚህን ሁለት ቃላት ሳትሰሙ አልቀራችሁም፦ «ጎረሰ» እና «ነከሰ»። ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ለመተኮስ ቦታውን ሲይዝ መሣሪያው «ጎረሰ» ይባላል። ጥይቱ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ ሲል ደግሞ «ነከሰ» ይባላል። ሦስተኛም ቃል አለ፤ «ከሸፈ»። ይሄኛው ጥይቱ በትክክል ገብቶ፣ ቃታው ተስቦ፣ ግን ሳይፈነዳ ሲቀር ነው። ዛሬ «ዕቅዱ ከሸፈ» የምንለው አነጋገር ከዚሁ ጋር ይዛመዳል።

ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ያለ ምንም መማሪያ መጽሐፍ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶችን ለይቶ ስም አውጥቶላቸዋል። መክሸፍ የኬሚስትሪ ችግር ነው፤ ባሩዱ ወይም ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል አልሠራም። መንከስ ግን በአብዛኛው የመካኒክስ ችግር ነው፤ ሞላ፣ ሰበቃ፣ ዳገትና ጊዜ አልተስማሙም። የዛሬው ጉዳያችን ይሄኛው ነው።

«ለምን ያስፈልገናል?» ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ በአንድ ትንሽ ብረት ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ግማሹ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። መሣሪያ ባለበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው «ተበላሽቷል፣ አይተኩስም» ብሎ ያስቀመጠው ሽጉጥ፣ ብዙ ጊዜ ከደህናው ሽጉጥ የባሰ አደገኛ ነው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን፤ መጀመሪያ ግን አሠራሩን እንወቅ።

በእጅ ከማጉረስ ራሱ ወደ መጉረስ

በአድዋ ጦርነት (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) ከኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር። ውጅግራ ካዝና የለውም። ተዋጊው አንዱን ጥይት በእጁ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሃውን ያወጣል፣ ሌላውን ያጎርሳል። ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ጥይቱን የሚያስገባው የሰው ጣት ስለሆነ፣ ጥይቱ ትንሽ ቢጣመም ጣት ያስተካክለዋል፤ ቢከብድም ትንሽ ገፋ ያደርገዋል። የሰው እጅ ብልህ ነው።

አጋጣሚ ሆኖ አድዋ በተካሄደበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ጀርመን ውስጥ የማውዘር ፋብሪካ ከመጀመሪያዎቹ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦች አንዱን አወጣ። ከፊል አውቶማቲክ ማለት፣ ቃታውን በሳባችሁ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኮሳል፤ ከዚያ ቀለሃውን ማውጣቱንና ቀጣዩን ጥይት ማጉረሱን መሣሪያው በራሱ ያከናውናል። ጉልበቱን ከየት ያመጣዋል? ከተተኮሰው ጥይት። ማለትም ብልሁ የሰው እጅ ወጣና ቦታውን ሞላና ብረት ተኩት። ሞላ ደግሞ አያስብም። ጥይቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ «ቆይ ላስተካክለው» አይልም። ስለዚህ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ መንከስ መጣ።

አገራችን ውስጥ ከሚታወቁት ሽጉጦች አንዱ ማካሮቭ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለጦሯ የተቀበለችው ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከመጣው የሶቪየት ትጥቅ ጋር ስሙ በአገራችን ተለመደ። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ለምሳሌነት እንጠቀምበት።

አንዲት ጉርሻ እንዴት ትገባለች?

አራት ክፍሎችን እናስተዋውቅ። አንደኛ፣ ካዝናው፦ ጥይቶቹ ተደራርበው የሚቀመጡበት ሳጥን። ከታቹ ሞላ አለ፤ ሞላው ጥይቶቹን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፉ ሁለት የብረት ከንፈሮች አሉ፤ ጥይቶቹ ተስፈንጥረው እንዳይወጡ ይይዟቸዋል። ሁለተኛ፣ ተንሸራታቹ፦ ከሽጉጡ ላይ ወደኋላና ወደፊት የሚሄደው ከባድ ብረት። ሦስተኛ፣ ተንሸራታቹን ወደፊት የሚመልሰው መላሽ ሞላ። አራተኛ፣ ከበርሜሉ በስተኋላ ጥይቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉሮሮ እንበለው። ከጉሮሮው በፊት ጥይቱ ተንሸራትቶ የሚወጣባት ትንሽ ዳገት አለች።

አሁን ጥይት ተተኮሰ እንበል። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ እርሳሱን ወደፊት ይገፋል፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ደግሞ ቀለሃውንና ተንሸራታቹን ወደኋላ ይገፋል። ተንሸራታቹ ወደኋላ ሲሄድ አንዲት ትንሽ መንጠቆ ባዶውን ቀለሃ ጎትታ ታወጣለች፤ ቀለሃው ተስፈንጥሮ ይወድቃል። ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ ወደኋላ ሲደርስ ከካዝናው በላይ ያለው ቦታ ነፃ ይሆናል፤ የካዝናው ሞላም ቀጣዩን ጥይት ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ መላሹ ሞላ ተንሸራታቹን ወደፊት ይሰደዋል። ተንሸራታቹ በመንገዱ የጥይቱን ቂጥ ገፍቶ ከካዝናው ከንፈሮች ያወጣዋል፤ የጥይቱ አፍንጫ ዳገቷን ነክቶ ቀና ይላል፤ ጉሮሮ ይገባል፤ ተንሸራታቹ ይዘጋል።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ እንኳ አይጠብቃችሁም።

ቁጥሩን እናስላው

«ፈጣን ነው» ማለት ብቻ ሳይንስ አይሆንም። ወረቀት አውጡ።

የማካሮቭ እርሳስ ክብደት 6 ግራም ያህል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ነው። ሞመንተም ማለት ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት ነው፤ 0.006 × 315 = 1.89 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ። ሞመንተም ስለማይጠፋ ተንሸራታቹ ወደኋላ የዚያኑ ያህል ይቀበላል። ተንሸራታቹ 300 ግራም ይመዝናል ብለን እንውሰድ፤ 1.89 ሲካፈል ለ0.3 በሰከንድ 6.3 ሜትር ይሰጠናል። ይሄ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በከተማ መንገድ ላይ እንደምትሮጥ ባጃጅ። የሚሄድበት ርቀት ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን የካዝናውን ሞላ ችግር ተመልከቱ። ካዝናው ውስጥ 7 ጥይቶች ቀርተዋል እንበል፤ አንዱ 10 ግራም ገደማ ስለሆነ በድምሩ 70 ግራም። ሞላው ይሄን ቁልል በአንድ ጥይት ውፍረት፣ ማለትም 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፍ ማድረግ አለበት። ያለው ጊዜ 0.02 ሰከንድ ነው ብለን እንገምት። ከቆመበት ተነስቶ በዚያ ጊዜ ያን ርቀት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ፍጥንጥነት 2 × 0.01 ÷ (0.02 × 0.02) = 50 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። የመሬት ስበትን 10 እንጨምርበት፦ 60። በ0.07 ኪሎ ግራም ስናባዛው 4.2 ኒውተን እናገኛለን። ግማሽ ኪሎ ስኳር ብድግ ለማድረግ ከሚያስፈልገው ኃይል ትንሽ ቢያንስ ነው። ይሄ እንግዲህ በካዝናው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰበቃ ሳንቆጥር ነው።

ቁም ነገሩ ምን መሰላችሁ? ሽጉጥ ውስጥ ውድድር አለ። ተንሸራታቹ ተመልሶ ከመድረሱ በፊት ጥይቱ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ሞላው ከደከመ፣ ካዝናው ከቆሸሸ ወይም ተንሸራታቹ ሳይጨርስ ከተመለሰ፣ ሁለቱ ይተላለፋሉ ወይም ይጋጫሉ። መንከስ ማለት በአጭሩ የተበላሸ ቀጠሮ ነው።

የመንከስ አራት መልኮች

ሐኪም «አሞኛል» የሚል ሰው ሲመጣ «የት ጋ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህም እንደዚያው ነው። «ነከሰ» የሚለው አንድ ቃል አራት የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል።

*አንደኛ፦ ባዶ ጉርሻ።* ተንሸራታቹ ወደፊት ተመልሶ ተዘግቷል፤ ጉሮሮው ግን ባዶ ነው። ጥይቱ ሳይነሳ ተንሸራታቹ ከላዩ አልፎታል ማለት ነው። የሚጠረጠሩት የካዝናው ሞላ መድከም፣ ካዝናው እስከ መጨረሻ ገብቶ አለመቀመጡ፣ ወይም ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ ወደኋላ አለመሄዱ ናቸው።

*ሁለተኛ፦ አፍንጫ መድፋት።* ጥይቱ ወጥቷል፤ ግን አፍንጫው ዳገቷ ላይ ተቀርቅሮ ቆሟል። የተጣመሙ የካዝና ከንፈሮች፣ የቆሸሸች ወይም የሻከረች ዳገት፣ የማይስማማ የእርሳስ ቅርጽ ይጠረጠራሉ። በክረምት የአካባቢያችንን ዳገት የወጣ ሰው ይሄን በእግሩ ያውቀዋል፤ ዳገትን ለመውጣት ወሳኙ የቁልቁለቱ መጠንና ሰበቃው ነው። ልዩነቱ ለእኛ እግር ሰበቃ ሲያንስ ያንሸራትተናል፤ ለጥይቱ ግን ሰበቃ ሲበዛ ያስቆመዋል።

*ሦስተኛ፦ ሳይዘጋ መቅረት።* ጥይቱ ጉሮሮ ገብቷል፤ ተንሸራታቹ ግን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቆሟል። ጉሮሮው ውስጥ ያለ ቆሻሻ፣ የዛገ ወይም የተጨፈለቀ ቀለሃ፣ ወይም የደከመ መላሽ ሞላ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

*አራተኛ፦ ሁለት ጉርሻ በአንድ አፍ።* የቀድሞው ቀለሃ ሳይወጣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ይመጣል። ይሄ የማጉረስ ችግር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ የማስወጣት ችግር ነው። መንጠቆዋ ተሰብራለች ወይም ቀለሃው ተጣብቋል። በአፍ የሞላውን ሳይውጥ ሌላ ጉርሻ የተሰጠውን እንግዳ አስቡት፤ ጥፋቱ የሁለተኛው ጉርሻ አይደለም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ትልቁን ብረት ነው፤ «ሽጉጡ ሞቷል» ይላል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ግን ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ካዝናው ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካዝናው ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ይገባል ይወጣል፤ መሬት ይወድቃል። ከንፈሮቹ በዓይን የማይታይ ያህል ቢከፈቱ እንኳ ጥይቱ የሚወጣበት አንግል ይለወጣል።

ስለ ሞላ አንድ የተለመደ ጥያቄ አለ፦ «ጥይት ሞልቶ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ሞላው ይደክማል?» ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ እንደሚለው፣ ሞላ በታመቀው ልክ መልሶ ይገፋል። ጥሩ የብረት ሞላ ከመለጠጥ ወሰኑ ሳያልፍ ታምቆ ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም። ይበልጥ የሚያደክመው በተደጋጋሚ መታመቅና መለቀቅ፣ ከአቅም በላይ መታመቅና ዝገት ነው።

የሁክ ሕግ ሌላም ነገር ይነግረናል። ካዝናው ሲሞላ ሞላው በጣም ታምቋል፤ ኃይሉ ትልቅ ነው፤ የሚያነሳው ሸክምና ሰበቃም ግን ትልቅ ነው። የመጨረሻው ጥይት ላይ ሸክሙ ትንሽ ነው፤ ሞላውም ተለቅቆ ኃይሉ ቀንሷል። ስለዚህ «ሁልጊዜ የሚነክሰው በመጨረሻዎቹ ጥይቶች ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ የደከመ ሞላን ጠርጥሩ። «ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው» ከተባለ ደግሞ ቁልሉ ከመጠን በላይ መጥበቁን ወይም የካዝናው ውስጥ መቆሸሹን። የሚነክስበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚነክስበት ጊዜም ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጥይቱ ነው። «ዘጠኝ ነው» ማለት በቂ አይደለም። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው ደግሞ 9 በ19። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። በስማቸው ሁለቱም «9» ይባሉ እንጂ የማካሮቭ እርሳስ ወፈር ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቀለሃው ይረዝማል፤ የባሩዱ ግፊትም ይበልጣል። አንዱን በሌላው መሣሪያ መሞከር መንከስ ብቻ ሳይሆን ጉዳት ያመጣል። የጥይትና የመሣሪያ አለመገጣጠም ለአገራችን አዲስ ችግር አይደለም፤ ከተለያዩ አገሮች በተገዙና ከጠላት በተማረኩ የተለያዩ ጠመንጃዎች ለተዋጉ አባቶቻችን ለእያንዳንዱ የሚስማማ ጥይት ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። የመንገድ አቧራ፣ የአውድማ ብናኝ፣ የክረምት እርጥበት የሚያመጣው ዝገት፣ ያልተቃጠለ የባሩድ ትራፊ። «ታዲያ ዘይት ማብዛት ነዋ!» እንዳትሉ። ዘይት በበዛበት ቦታ አቧራ ተጣብቆ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡም ብረቱን ይሞርዳል። የምግብ ዘይትማ ጭራሽ አይሆንም። የኑግ ዘይት በቀጭኑ ተቀብቶ አየር ሲነካው፣ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ቀስ በቀስ እንደ ሙጫ ይሆናል። መጥበሻ ጎን ላይ ተጋግሮ አልለቅ የሚለውን ቡናማ ነገር አስታውሱ፤ ኬሚስትሪው ያው ነው።

አራተኛው ተጠርጣሪ የሚገርም ነው፤ የያዘው እጅ። ማንም ያልያዘው እንጨት ላይ ምስማር ብትመቱ ምን ይሆናል? እንጨቱ አብሮ ይሸሻል፤ ምስማሩ አይገባም። ተንሸራታቹም ወደኋላ ሄዶ መላሹን ሞላ በበቂ ለማመቅ፣ የሽጉጡ አካል ባለበት መቆም አለበት። የተኳሹ እጅ ከላላ አካሉ አብሮ ወደኋላ ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አንጻራዊ እንቅስቃሴ ያጥራል፤ ተንሸራታቹ ሳይጨርስ ይመለሳል። ሽጉጡ ደህና፣ ጥይቱ ደህና፣ ግን ነከሰ።

አንድ አሳሳቢ ተጠርጣሪም እንጨምር። በ2010 ዓ.ም.ና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሕገ ወጥ መንገድ የገቡ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች ተያዙ የሚል ዜና በተደጋጋሚ ሰምተናል። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት እንዲህ ዓይነት ሽጉጦች መካከል መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ በሕገ ወጥ መንገድ የተለወጡ ይገኙባቸዋል። የድምፅ ሽጉጥ ካዝና እርሳስ የሌለውን ጥይት ለማጉረስ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ ይነክሳል። መንከሱ ግን ትንሹ ችግር ነው። አካሉ ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት አይችልም፤ የያዘው ሰው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ ማለት ይሄ ነው።

ባለሙያ እንዴት ይመረምራል?

ፈቃድ ያለውና የሠለጠነ የመሣሪያ ባለሙያ ሲመረምር ብታዩት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካለ ተመራማሪ የሚለየው ነገር ጥቂት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ።

ካዝናዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቁጥር ይጽፍባቸዋል። ሽጉጡንና ጥይቱን ሳይቀይር ካዝናውን ብቻ ይቀይራል። 1ኛው ብቻ የሚነክስ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ሁሉም ከነከሱ ካዝናው ነፃ ወጣ፤ ቀጥሎ ጥይቱን ይቀይራል። ከዚያ ያጸዳል፤ ከዚያ መላሹን ሞላ፤ ከዚያ መንጠቆዋን። በየደረጃው ይመዘግባል፦ የትኛው ካዝና፣ ስንተኛው ጥይት፣ ከአራቱ የትኛው መልክ። ሁሉንም በአንድ ቀን የሚቀይር ሰው ሽጉጡ ሊስተካከልለት ይችላል፤ ምን እንዳስተካከለው ግን በፍጹም አያውቅም።

አስተማማኝነትም የሚለካው በብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ሽጉጥ በአሜሪካ ጦር ሲፈተን 6,000 ጥይት ተተኩሶበት አንድም ብልሽት እንዳላሳየ ተመዝግቧል። ሲግልም ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያቀዘቅዙት ነበር። «አምስት ጊዜ ተኩሼበት አልነከሰም» የሚል ሰው ብታገኙ፣ አምስት ትንሽ ናሙና መሆኑን ንገሩት።

የነከሰ ሽጉጥ ባዶ ሽጉጥ አይደለም

አሁን መጀመሪያ ላይ ወደ ቀጠርነው ነገር መጣን። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይሄን አስታውሱ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሽጉጡ ነከሰ፤ ካዝናውን አወጣ፤ «በቃ፣ ባዶ ነው» አለ። ግን ከላይ ያየነውን ቅደም ተከተል መልሳችሁ አስቡት። ጥይቱ ጉሮሮ ከገባ በኋላ የካዝናው ንብረት አይደለም። ካዝናው ቢወጣም የጎረሰው ጥይት ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ሽጉጦች፣ ማካሮቭን ጨምሮ፣ ካዝናቸው ወጥቶም ያቺን አንዲት ጥይት ይተኩሳሉ። ሳይዘጋ የቀረው፣ ሦስተኛው መልክ ያልነው፣ ሽጉጥ ደግሞ ሲነካካ በድንገት ሊዘጋ ይችላል። «አይተኩስም» ብለው በቀለዱበት ሽጉጥ ስንት ወንድም ወንድሙን እንዳቆሰለ ትልልቆቹ ያውቃሉ።

ሁለት ተጨማሪ ወጥመዶች አሉ። ቃታ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ጥይቱ ከሽፎ ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ ሊፈነዳም ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች አፈሙዙን ወደ ሰው በማያመራ አቅጣጫ አድርገው ቢያንስ 30 ሰከንድ የሚጠብቁት። ሌላው፣ ድምፁ ከወትሮው ደከም ብሎ ከተሰማ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቀጣዩ ከተተኮሰ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ በርሜሉ ይፈነዳል።

ስለዚህ እናንተ ቤት ወይም ጎረቤት የነከሰ ሽጉጥ ብታዩ ሥራችሁ ሦስት ነገር ነው። አትንኩ። ታናናሾቻችሁን ከአካባቢው አርቁ። ለአዋቂ ተናገሩ፤ አዋቂውም ቢሆን በመዶሻ ወይም በጩቤ ጫፍ ከመታገል ይልቅ ወደ ባለሙያ እንዲወስደው፣ «ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም» በሉት። በአገራችን የጦር መሣሪያ ይዞታና ጥገና በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራና ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑንም አትርሱ። አባባ ቢቆጡ ይቆጡ፤ ቁጣ ያልፋል።

እናንተ በስቴፕለር ሞክሩት

ግን እኮ ሳይንስ ያለ ሙከራ አይጥምም። ለዚህ ሽጉጥ አያስፈልጋችሁም፤ ከትምህርት ቤት ቢሮ ስቴፕለር ተዋሱ። ክፈቱት። ሞላ አለ፤ ሽቦዎቹን የሚገፋ ብረት አለ፤ የሚወጡበት ጠባብ አፍ አለ፤ አንዱን ብቻ ለይቶ የሚገፋ ምላስ አለ። ካዝና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ሞልታችሁ 20 ጊዜ ምቱና ስንቴ እንደነከሰ መዝግቡ። ከዚያ አምስት ሽቦ ብቻ አስቀርታችሁ ድገሙት፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ይብሳል? ቀጥሎ አንዷን ሽቦ በጥቂቱ አጣማችሁ መሃል ክተቱ። ከዚያ ቀስ ብላችሁና ግማሽ ድረስ ብቻ ተጫኑ። አራቱን መልኮች ፈልጉ፦ ባዶ ጉርሻ፣ አፍንጫ መድፋት፣ ሳይዘጋ መቅረት፣ ሁለት ጉርሻ በአንድ አፍ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥን አትርሱ፤ ጣታችሁንም ከአፉ አርቁ።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «መሣሪያው ነከሰ» ሲል ብትሰሙ፣ ቃሉ ውስጥ ሁክንና ኒውተንን ታገኟቸዋላችሁ። ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ጉሮሮው ውስጥስ ምን አለ?»